ሁሉም ሰው «ፋሲል»ን ይፈልጋል

ዛሬም ጎንደር ወዳለው የጥብቅና ቢሮዬ አንድ ወጣት «ፋሲል» የሚል ስም ለንግድ ምልክት ላስመዝግብ ብሎ መጣ። ቡና ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ አሽጎ ሊሸጥ ነው። የማሸጊያው ዲዛይን እንኳን አልቋል። ግንቡ መሀል ላይ ጉብ ብሏል።

«ፒያሳን አንዴ ዙርና የሱቆቹን ታፔላ አንብብ» አልኩት። ሆቴሉ ፋሲል፣ መድኃኒት ቤቱ ፋሲል፣ ኳሱ ሳይቀር ፋሲል ከነማ። ልጁ ግን አፉ ስል ነው። «ንጉሡ በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ሲቆረቁሩ ማንን አስፈቀዱ?» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

«ጎንደር ቡና ብለውስ?» አለ ቀጥሎ። ይሄማ ባሰ። የቦታ ስም ዕቃው ከየት እንደመጣ ብቻ የሚናገር ከሆነ አንድ ሰው የግሉ ሊያደርገው አይችልም። ዳሽን ቢራስ? እሱ ሌላ ነው። ቢራው ከራስ ዳሽን አናት ላይ ይቀዳል ብሎ የሚያስብ ጠጪ የለም። ተራራው ስለ ቢራው ምንም ስለማይናገር ስሙ ጥሩ ምልክት ይወጣዋል። ልጁ ይህን ሲሰማ ትንሽ ገባው መሰለኝ፣ አስቤ ልምጣ ብሎ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር ጎንደር ውስጥ በንግድ ምልክት ብቻ እኖራለሁ የሚል ጠበቃ ጾሙን ያድራል። ኪራዬን የሚከፍሉልኝ ውርስ፣ ፍቺና የቦታ ክርክር ናቸው። ግን እነሱን ሳይ ውዬ እንደ ዛሬው ዓይነት ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ በርበሬና ሽሮ የሚያዘጋጁት እትዬ መጡ። ሰው አስመስሎባቸዋል። ያው ቀይ ቀለም፣ ያው የሌማት ሥዕል፣ ስሙም አንድ ፊደል ብቻ ተቀይሮ። ሁለቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ። እኔ መለየት አቃተኝ። እሳቸው ግን የፌስታሉን አፍ አዩና «ይኸው፣ የእኔ በሻማ ነው የታሸገው፤ ይሄ በማሽን ነው» አሉ። ሸማች ግን ይህን ከየት ያውቀዋል?

«ልጄ፣ ንግድ ፈቃዴ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ እንዴት ይደፍረኛል?» አሉኝ። ስንቱ ነጋዴ ነው እዚህ ላይ የሚወድቀው! ፈቃዱ ላይ ያለው የንግድ ስም ነጋዴውን ይለያል። ዕቃውን የሚለየው የንግድ ምልክት ነው፤ እሱ ደግሞ የሚመዘገበው አዲስ አበባ፣ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የምልክቱ ባለቤት የሚኮነው የምዝገባ የምስክር ወረቀት ሲያዝ ነው። እትዬ ወረቀቱ የላቸውም። ለጊዜው የቀረን በንግድ ውድድር አዋጁ፣ በ813/2006፣ ሸማችን የሚያሳስት ድርጊት ነው ብሎ መከራከር ነው። ያስኬዳል፣ ግን የማስረዳቱ ሸክም ከባድ ነው። በምስክር ወረቀት ቢሆን መንገዱ ያጥር ነበር።

ስለዚህ ሰውዬው ሳይቀድመን ማመልከቻ ልናስገባ ተስማማን። ከተሳካ 7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። እትዬ ደስ አላቸውና «ካስመዘገብኩ አይቀር እንጀራውንም፣ ሆቴሉንም ጨምርልኝ» አሉ።

«ሆቴል አለዎት እንዴ?»

«እግዜር ካለ።»

ለምዝገባ ዕቃና አገልግሎት በዓይነት በዓይነቱ በመደብ ይከፈላል፤ በርበሬ፣ ሽሮና እንጀራ እዚያው 30ኛው መደብ ውስጥ ይገባሉ። ሆቴል 43ኛ ነው። ደግሞ የተመዘገበ ምልክት 3 ዓመት ሙሉ ሥራ ላይ ካልዋለ ሊሰረዝ ይችላል። ሆቴሉን ለጊዜው እንተወው ብላቸው አኩርፈው ወጡ። ውክልናውን ግን ነገ ጠዋት እንሰጣለን ብለውኛል።