መምሬ ጡረታ ወጡ

የንስሐ አባታችን ከደብሩ በጡረታ ተሰናበቱ። ከ30 ዓመት በላይ ያገለገሉት በዚያው በሰፈራችን ደብር ነው። ለእናቴ ስነግራት ዓይኗን አፍጥጣ "ቄስ ደግሞ ጡረታ ይወጣል እንዴ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ክህነት ጡረታ የለውም። መምሬ ነገም ቄስ ናቸው፤ ይባርካሉ፣ ያናዝዛሉ። የቀረባቸው የደብሩ ደመወዝና የሰሙን (የሳምንት አገልግሎት) ተራ ነው። ሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ቁጥር አስቀምጠውለታል። በካቶሊኮች ሕግ የደብር ካህን 75 ዓመት ሲሞላው የመልቀቂያ ደብዳቤ ለጳጳሱ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በመደበኛው 70 ላይ ታሰናብታለች። እዚህ ላይ የካቲት 21 ቀን 2005 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። የሮማው ቤኔዲክቶስ 16ኛ በ85 ዓመታቸው አቅሜ ደከመ ብለው መንበራቸውን የለቀቁት ያን ቀን ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሰባውን የተሻገሩት አቡነ ማትያስ ፓትርያርክ ሆነው የተመረጡት በዚያው ቀን ነው። መምሬ በዚያ ሰሞን ቤታችን ቡና እየጠጡ "አንዱ አወረደ፣ አንዱ ተሸከመ" ብለው ሳቁ።

የክህነት ሥራ የጉልበት ሥራ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። እኛ ስናስቀድስ የሚታየን ካባው፣ ጽናው፣ ዕጣኑ ነው። ጉልበቱ አይታየንም። ቅዳሴ ለመግባት ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። አንዱ ካህን ከታመመ ወይም ለቅሶ ከሄደ ሌላ መፈለግ ግድ ነው። ሌሊት የሚደወለው መምሬ ጋ ነበር። ሁሉም እንደማይቀሩ ያውቃላ! ገብተው ደግሞ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቆሞ ማገልገል አለ፤ ያውም እህል ውኃ ሳይቀምሱ። የዐቢይ ጾም ሲመጣ ይብሳል። በሥራ ቀን ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ጉሮሯቸው ደረቅ ነው። መምሬ ስኳር አለባቸው። ሐኪሙ ምን እንዳላቸው መገመት አያቅትም። እሳቸው ግን "መቅደስ ውስጥ ስገባ ይተወኛል" ይሉ ነበር። እኔ ይህን መልስ ወድጄው አላውቅም።

ጉልበታቸውም ከከዳቸው ቆይቷል። ለጥምቀት ታቦት አክብረው ጃንሜዳ ይወርዱ የነበሩ ሰውዬ፣ የኋላ የኋላ መስቀል ይዘው ከጎን መሄድ ጀመሩ። ከዚያ እሱም ቀረና ደጀ ሰላሙ ጋ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው መሸኘት ሆነ። ስቅለት ላይ ግን ወይራቸውን አልለቀቁም። ጀርባችንን ቸብ ቸብ እያደረጉ ስግደቱን ሲነግሩን እጃቸው ከበድ ይል ነበር። "መምሬ ጋ አልሄድም፣ ቁጥር ያበዛሉ" የሚል የሰፈር ልጅ ብዙ ነው።

የሽኝቱ ቀን ከአዳራሹ ውጪ ድረስ ሰው ቆሟል። ጋቢ ተሰጣቸው፣ በፍሬም የተሠራ ፎቶ ተሰጣቸው፣ ንግግር ተደረገ። ንግግሩ ረዘመ። ከተናጋሪዎቹ አንዳቸውም "ከእንግዲህ በምን ይኖራሉ?" ብለው አላነሱም። ጡረታቸው ስንት እንደሆነ በኋላ ባለቤታቸው ነግረውኛል። እዚህ አልጽፈውም፣ ያሳፍራል። የሰፈራችን አንድ ክፍል ቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም።

እኛ የንስሐ ልጆቻቸው ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍተን ወርኃዊ መዋጮ ተነጋገርን። ግሩፑ እንደማንኛውም ግሩፕ ነው። ሁለት ሰው ይከራከራል፣ ሌላው የአበባ ስቲከር ይልካል። ቢሆንም ገንዘቡ መሰብሰብ ጀምሯል።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። መምሬ እኔን በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ያነሱ፣ አባቴን የፈቱ፣ እናትና አባቴ ሲኮራረፉ መሐል ገብተው ያስታረቁ ሰው ናቸው። ይህ ሁሉ የደመወዝ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ጡረታም አይመለከተውም። ግን እንዴት ይቀጥላል? የእኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ባለፈው ጠበል ሊረጩልን ሲመጡ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከጎረቤት በርጩማ ተውሰን አስቀመጥናቸው።

እሑድ ቤታቸው ሄጄ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። "ይፍቱኝ አባቴ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። ምነው ብቻሽን? ልጆቹስ?"

"ከእንግዲህ እኛ እንምጣ፣ እርስዎ አይድከሙ። ካልሆነም በስልክ እናወራለን።"

"ምክር በስልክ ይሆናል። ንስሐ ግን በስልክ የለም" አሉ ቆፍጠን ብለው። "ቤትም ካልተረጨ ቤት አይደለም። እመጣለሁ።"

"ደረጃውስ?"

"ደረጃውን ቀስ ብዬ እወጣዋለሁ፤ ከእንግዲህ የሚያጣድፈኝ ቅዳሴ የለ። እስከ በሩ ድረስ ግን ራይድ ጥሪልኝ። ሾፌሩንም ዘፈኑን ቀንስ በይልኝ።"