በባዶ እጁ የሚቀልበው ሰውዬ

ደብረ ብርሃን ላይ በረኛ ሆኖ ያደገ ሰው ይሄ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ህዳር ላይ በጠዋት ሳሩ ውርጭ ለብሶ ኳሷ ጣትህ ጫፍ ላይ ስታርፍ እንባህ ሳታስበው ዱብ ይላል፣ እኔ ጓንት ስላልነበረኝ የአባቴን ወፍራም ካልሲ እጄ ላይ አጥልቄ ነበር የምቆመው፣ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት እስከ ዛሬ ጠማማ ናት።

ለዛ ነው ስለ ሞሰስ ፍሊትውድ ዎከር ሳነብ መጀመሪያ እጁ ያሳዘነኝ። ሰውዬው በፈረንጆቹ 1884፣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ እያሉ ማለት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ለቶሌዶ ቤዝቦል ቡድን 42 ጨዋታ ተጫውቷል። ጥቁርነቱን ሳይደብቅ በትልቁ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው እሱ ነው፣ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ተብሎ ሁሉም የሚያውቀው ጃኪ ሮቢንሰን እኮ የመጣው 1947 ነው!

ቦታው ቀላቢ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፣ መቺው ከሳተ ከኋላው ቁጢጥ ያለው ቀላቢ ይይዛታል። ገና ጨዋታ ላይ ሩሯ ሜዳ ለሜዳ ስለምትሄድ ነው እንጂ ወደ ፊትህ ብትወረወር ማን ይቆም ነበር? ያኔ ደግሞ የዛሬው ትራስ የሚያክል ጓንት የለም። ዎከር አንዳንዴ ጣቱ የተተለተለ የበግ ቆዳ ጓንት ያደርጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በባዶ እጁ ነው።

በዛ ላይ ቀላቢ ምን አይነት ኳስ እንደሚፈልግ በጣቱ ምልክት ያሳያል፣ ወርዋሪው ያንን አይቶ ይልካል። የቡድኑ ወርዋሪ ቶኒ ሙሌን ታዲያ ምልክቱን አያይለትም ነበር፣ ያሻውን ይልክበታል። ይሄን ያወራው ራሱ ሙሌን ነው፣ ከ35 ዓመት በኋላ፣ ምርጡ ቀላቢዬ ዎከር ነበር ግን ጥቁር አልወድም አለ። ምን ይባላል?

1883 ላይም የቺካጎ ቡድን አለቃ ካፕ አንሰን ዎከር ከገባ አንጫወትም ብሎ ነበር። የሚገርመው ዎከር በዛን ቀን እጁ ቆስሎ ሊያርፍ ነበር፣ የቶሌዶው አሰልጣኝ እልህ ያዘውና ቀላቢነቱን ትቶ ሌላ ቦታ አስገባው። የመግቢያውን ብር ታጣለህ ሲሉት አንሰን ዝም ብሎ ተጫወተ። 1887 ላይ ግን ዎከር ያኔ የነበረበት አነስተኛ ሊግ ከዚህ በኋላ ጥቁር አናስፈርምም ብሎ ወሰነ፣ እሱም በ1889 አቆመ። ከዛ በኋላ ቲያትር ቤት አስተዳደረ፣ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፣ ታሰረም፣ 1908 ላይ ጥቁሮች ወደ አፍሪካ ይሂዱ የሚል መጽሐፍ አሳተመ። 1924 ሞተ፣ መቃብሩ እስከ 1990 ድንጋይ እንኳ አልነበረውም።

መንዝ ገና ሲጫወቱ ላደጉት አጎቴ ይሄን ሁሉ ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሲሰሙ ቆዩና «ቆይ አንተ፣ ምን እንደሚመጣበት ሳያውቅ እንዴት አድርጎ ቀለበው?» አሉኝ፣ የገዛ መዳፋቸውን ገልበጥ አድርገው እያዩ።