«ሪላክታንት» ነኝ ያለ ሰው እምቢ አላለም

አለቃ በእንግሊዝኛ «አይ አም ሪላክታንት ቱ ሳይን ዚስ» ሲል፣ በሰው አገር ገና ቋንቋው ያልተገራለት ሠራተኛ «አልፈርምም አለኝ» ብሎ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። አለቃው ግን እያቅማማ ነው እንጂ አልከለከለም፤ በሩ ገርበብ ብሏል። የሚሻለው እዚያው ቆሞ «ኋት ዉሪስ ዩ?» ብሎ ያሳሰበውን ነገር መጠየቅ ነው። ሐኪምም መድኃኒት ለማዘዝ «ሪላክታንት» ከሆነ ምክንያቱን አስረዱኝ ማለት ያዋጣል። እርግጥ ይሉኝታ የያዘው ሰው እምቢታውን በዚሁ ቃል ይሸፍናል። ምክንያት ካስከተለ ተስፋ አለ፤ ወሬ ከቀየረ ግን ተዉት።

እኛ ይህን ስሜት በግስ ነው የምንናገረው፦ አንገራገረ፣ አቅማማ፣ አመነታ። እንግሊዝኛው ቅጽል ስለሆነ «አይ አም» የግድ ይቀድመዋል። ከኋላው ደግሞ «ቱ» እና ምንም ያልተቀጠለበት ግስ ይመጣል፦ «ሪላክታንት ቱ ሳይን»። «ቱ ሳይኒንግ» የሚለው ስሕተት «ኢንግ» የሚያስከትለውን «ሉክ ፎርዋርድ ቱ»ን (በጉጉት መጠበቅን) ከለመደ አፍ የሚወጣ ነው። ሲነበብ ድምፁ «ላክ» ላይ ጠንከር ይላል።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን «ሪላክታንትሊ»ን ነው። «ሺ ሪላክታንትሊ አግሪድ» ማለት ቅር እያላት ተስማማች ማለት ነው፤ ተስማምታለች! «ሳልወድ በግዴ» ብሎ መተርጎም ያከብደዋል፣ ያስገደዳት የለምና። «እያቅማማች» ይበቃል።

«ሎዝ» የሚባለውም ቅጽል ያው ነው፣ ግን ጠንከር ያለና የጽሑፍ ቋንቋ ነው። ጓደኛ ለጓደኛ ሲያወራ እምብዛም አይሰማም። ጣጣው መንታ ያለው መሆኑ ነው። ሌላኛው «ሎዝ» ግስ ሲሆን አምርሮ መጥላት ማለት ነው። በፊደላችን አንድ ሆነው ይጻፋሉ፤ በእንግሊዝኛው ግሱ መጨረሻ ላይ «ኢ» (e) የምትባለዋ ፊደል አለች፣ ቅጽሉ ላይ የለችም። በአፍ ለመለየት ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ ጣትን ጉሮሮ ላይ ማሳረፍ ነው። መጨረሻው ላይ ጉሮሮ ከነዘረ ግሱ ነው፤ ትንፋሽ ብቻ ከወጣ ቅጽሉ። ኢሜይል ላይ «ኢ»ዋ ያለ ቦታዋ ብትገባ የኮምፒውተሩ ፊደል አራሚ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ናቸውና።