ከግድግዳው ጀምር

አሮጌው ኮምፒውተሬ የሞተው መብራት ሲጠፋ አይደለም፤ ሲመጣ ነው። ባለቤቴ ከጓዳ "መጣ!" ስትል ከጠረጴዛዬ ስር "ጧ!" አለ። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚመግበው ፓወር ሰፕላይ ብቻውን አልሄደም፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ። ሀርድ ዲስኩ ተርፏል። ሴቭ ያላደረግኩት የአንድ ጂ ፕላስ ቱ ቤት የደረጃ ድሮዊንግ ግን አልተረፈም።

ለነገሩ ዕድሜውን ጨርሶ ነበር። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል አራተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂት ሞዴሎች በቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር አልቀበልም ይላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ አላለቀስኩም። ማለቴ፣ ብዙ አላለቀስኩም።

የዚያኑ ማታ ደብተር አውጥቼ የሚገዛውን ዕቃ መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ግራፊክስ ካርድ ነው፤ ምስሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣው። አርኤክስ 6600፣ 8 ጊጋ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ሥራዬ አውቶካድ በሚባለው የድሮዊንግ ሶፍትዌር ነው፤ እሱም አብዛኛው ጠፍጣፋ ፕላን። ጌም የምለውም ቅዳሜ ማታ አንድ ሁለት ጨዋታ ፊፋ ነው። ልጅ ሆነን ጌም ቤት "የተሸነፈ ይነሳ" እየተባባልን ያደግንበት ሱስ ነው እንጂ ተጫዋች ሆኜ አይደለም። ግን ካርዱ ከፕሮሰሰሩም ከራሙም በላይ፣ ከሥሩ ተሰምሮበት ተጽፏል።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የተቃጠለውን ፓወር ሰፕላይ ሊያዩልኝ መጥተው ደብተሩን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ኮምፒውተር ብዙም አያውቁም፤ ዋት ግን ያውቃሉ።

"ይሄ ሁሉ የሚሰካው ምን ላይ ነው?"

"ሶኬት ላይ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ሶኬቱን የታል የጻፍከው? አንተ ልጅ፣ ከግድግዳው ጀምር እንጂ!"

ገጹን ገልብጬ እንደገና ጻፍኩ። አንደኛ ዩፒኤስ፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪው ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ሳጥን። ገበያ ላይ በብዛት ያለው 650 ቪኤ የሚባለው ነው፤ ውስጡ ያለችው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር አወር ናት። ቢበዛ 84 ዋት አወር፣ ማለትም 84 ዋት ለአንድ ሰዓት፤ ያውም አዲስ ሆና፣ ኪሳራውን ሳንቆጥር። ካርዱ ብቻውን 132 ዋት ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩና ሞኒተሩ ሲጨመሩበት፣ መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱ መጮህ ሲጀምር ለእኔ የሚተርፈኝ "ሴቭ" ለማለት ብቻ የሚሆን ጊዜ ነው።

ካርዱ የተሰረዘው እዚህ ላይ ነው። በምትኩ ራይዘን 5 5600ጂ የሚባለውን ፕሮሰሰር ያዝኩ። ስድስት ኮር (ስድስት ሠራተኛ እንደማለት)፣ 65 ዋት፣ ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ። መጨረሻው ላይ ያለችው "ጂ" ቀላል ነገር እንዳትመስላችሁ። 5600 ብቻ የሚለውን የገዛ ሰው ካርድ ከሌለው ስክሪኑ ጨለማ ነው የሚሆንበት። ለአውቶካድም የሚያስፈልገው የኮር ብዛት አይደለም፤ እንደኔ ዓይነቱ ሥራ በአብዛኛው በአንድ ኮር ነው የሚሄደው፣ ያ አንዱ ፈጣን መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ይሄኛው እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። በቃኝ።

መርካቶ አንዱ ሻጭ ያገለገለ ካርድ ሊያሳምነኝ ሞክሮ ነበር። "ቤት ውስጥ ብቻ የተሠራበት ነው" አለኝ። ፋኑን በጣቴ ሳሽከረክረው እንደ አሮጌ ወፍጮ ጮኸ። የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ማይኒንግ ጡረተኛ ሳይሆን አይቀርም። ዋጋውን ግን እንዳትጠይቁኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ተነስቶ 140ን አልፏል፤ የኮምፒውተር ዕቃ ደግሞ ከዶላሩ ቀድሞ ነው የሚሮጠው።

ራሙን ከዱባይ ላስመጣ አልኩ። የአጎቴ ልጅ እዚያ ናት፤ ለበዓል ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ማታውኑ ልሰካው ስል አልገባ አለኝ። ገፋሁት፣ እምቢ። አገላብጬ ሞከርኩ፣ እምቢ። በስልኬ መብራት ጠጋ ብዬ ሳየው ዲዲአር5 ነው፤ አዲሱ የራም ትውልድ። የእኔ ማዘርቦርድ የሚወስደው ዲዲአር4 ነው። ሁለቱም 288 ጥርስ አላቸው፣ ቁመታቸውም እኩል ነው። ጥርሶቹ መሃል ያለችው ጎድጓዳ ብቻ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላለች። ደወልኩላት።

"16 ጊጋ ራም አልከኝ፣ 16 ጊጋ ራም አመጣሁ። ሌላ ምን ነበረበት ወንድምዓለም?"

እውነቷን ነው። ቁጥሯን ያልነገርኳት እኔ ነኝ። ራሙ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ።

ዲዲአር4ቱን ቦሌ አካባቢ አገኘሁ። አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ገዛሁ፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ነው የሚበደረው፣ ሁለት መንገድ ሲከፈትለት ደግሞ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። እንዲያም ሆኖ ፊፋው መጀመሪያ ላይ ተንቀራፎብኝ ነበር። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቼ ሳይ ፍጥነቱ 3200 የሚለው ራም በ2133 እየሄደ ነው። አንድ መስመር "ኢኔብል" አደረግኩ፣ ተስተካከለ። ይህን ሳያውቅ ዓመት የሚጫወት ሰው ስንት ይሆን?

ዕቃው ሁሉ የሚገባበት ሳጥን፣ ኬዙ ላይም ከባለቤቴ ጋር ተከራክረናል። እሷ ፊቱ መስታወት የሆነውን ወደደች፤ እኔ ፊቱ ወንፊት የሆነውን። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያሻግረው አየር ያንሳል። ይህን በስሜት አስረዳኋት። "ለምን ሩጫውን አትጨምርለትም?" አለችኝ። ልጃችን የምትተኛው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው አልኳት። ወንፊቱ ተገዛ።

መግጠሙ ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። አንዲት ብሎን ከሶፋው ስር ገብታ ቀርታለች፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጨዋታው 87ኛ ደቂቃ ላይ ደርሷል፣ አንድ ለአንድ ነን። ክፍሉ ድንገት ጨለመ። ዩፒኤሱ "ጢጥ... ጢጥ..." ማለት ጀመረ። ስክሪኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ወዲያው በር ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፣ ባትሪና ካቻቢቴ ይዘው።

"እናንተ ጋ አለ እንዴ? በመስኮት ብርሃን አይቼ፣ የኔ ብቻ መስሎኝ ፊውዙን ፈትቼ ነበርኮ።"

"የለም ጋሼ፣ ዩፒኤሱ ነው።"

ባትሪያቸውን ጠረጴዛው ስር አበሩ። ከዚያ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ሶኬቱ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ስንት ለስንት ነው?"