ማርሚታ ልቀይር ብዬ

ሞተሬን የማስነሳው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሥራዬ ዴንቨር ኤርፖርት ነው፣ ፈረቃው በጊዜ ይገባል። ኦሮራ ካለው አፓርታማችን ሥር ሳስነሳ፣ ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤታችን መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ የምታይበት ቀን አለ። አንድም ቀን ተናግራኝ አታውቅም። ግን የሦስት ወር ልጅ አላት። ከዚህ በታች ስለ ድምፅ የማወራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያ መጋረጃ ላይ ስለሚደርስ፣ ቀድሜ ልናገረው ብዬ ነው።

ሞተሩ ሃርሊ ዴቪድሰን አይረን 883 ነው፣ በፈረንጆቹ የ2011 ሞዴል። ያገለገለ ነው የገዛሁት። ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ምንም አልነካካውም፤ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ)፣ የአየር ፊልትሮው፣ ሁሉም ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ሌሎች የሃርሊ ነጂዎች መንገድ ላይ ሲያልፉኝ እጃቸውን ያነሱልኛል፣ ከዚያ የኔን ድምፅ ሲሰሙ የሚያዝኑልኝ ይመስለኛል። ሲንጀር ነው የሚመስለው፣ ልብስ የሚሰፋበት።

የሚያስቆጨው ደግሞ ድምፁ ውስጡ መኖሩ ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተከፍተው ሁለቱም ፒስቶኖች ዘንጉን የሚገፉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ከተኮሰ ዘንጉ 315 ዲግሪ ዞሮ ሌላው ይተኩሳል፣ ከዚያ ቀጣዩ እስኪመጣ 405 ዲግሪ ይጠበቃል። እኩል አይደለም። እንደሚያነክስ ሰው እርምጃ ነው፣ ዱብ-ዱብ... ዱብ-ዱብ። ሰው ሃርሊ የሚገዛው ለዚህ ነው፣ ማንም አይዋሽ።

በረዶው ወቅት ላይ ሞተሩ ሸራ ለብሶ ቆሞ እያለ እቅድ ማውጣት ጀመርኩ። በጀት 1,000 ዶላር። ከዚያ አንድ ሳንቲም አላልፍም ብዬ ለባለቤቴ ቃል ገባሁ፣ እሷም እንደማታምነኝ በፊቷ ነገረችኝ።

እዚህ አገር የሃርሊ ሰዎች ስቴጅ ዋን የሚሉት ነገር አለ። ሦስት ሥራ ነው። አየር በደንብ የሚያስገባ ፊልትሮ፣ በደንብ የሚያስወጣ ማርሚታ፣ ከዚያ ለተጨመረው አየር የሚመጥን ቤንዚን እንዲረጭ ኮምፒውተሩን ማስተካከል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ አይታይማ፣ ዋጋውም ያስደነግጣል። ግን ፋብሪካው በብክለት ሕግ ምክንያት ቤንዚኑን ድሮም ቆጥቦ ነው የሚሰጠው። አንተ አየር ብቻ ስትጨምርበት ቅልቅሉ ይሳሳል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ጋዝ ስትለቅ ከኋላ ፓ! ፓ! ይልብሃል። የማርሚታውን የኋላ ጫፍ ብቻ፣ ስሊፕ ኦን የሚሉትን፣ ከቀየርክ ግን ጭስ ማውጫው ላይ ያሉት የኦክስጅን ሴንሰሮች ትንሿን ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ይችሏታል።

ጥሩ። ሦስቱም ተሟልተው 883 ላይ ምን ይገኛል? ጥቂት ፈረስ ጉልበት። ሞተሩ በባሕር ጠለል ላይ 50 አካባቢ አለው፣ ክብደቱ ከ250 ኪሎ በላይ ነው። ዴንቨር ደግሞ 1,600 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ17 በመቶ አካባቢ ይሳሳል። ገና ከግቢ ሳልወጣ ስምንት የሚሆነውን ፈረስ ከፍታው በልቶታል ማለት ነው። ባለፈው ነሐሴ ላቭላንድ ፓስ የሚሉት የተራራ መንገድ ላይ ወጣሁ፣ 3,655 ሜትር፣ ከእንጦጦ አናት በላይ። እዚያ ላይ ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛው የለም። ጋዙን እስከ መጨረሻ ጠምዝዤ፣ ማርሽ ቀንሼ፣ ከኋላዬ አንድ ካምፐር የጎተተ ፒክአፕ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው የወጣሁት። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። የአባቴ መኪና እኮ ወደ አዋሽ ስንወርድ መተሐራ ጋ ሲደርስ ነፍስ ይዘራ ነበር፤ እኛ ልጆቹ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ይመስለን ነበር።

እና ስቴጅ ዋን የሚሰጠኝ ከፍታው የወሰደብኝን እንኳ አይመልስም። ይህን ወረቀት ላይ ካሰላሁ በኋላ ነው፣ እባካችሁ አትሳቁ፣ ሄጄ የጭስ ማውጫ የገዛሁት።

ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው አውጥቶት ነው። ሙሉ ቱቦ፣ ከሲሊንደሩ እስከ ጫፍ፣ ውስጡ ባዶ፣ 120 ዶላር። ስፖርትስተር ለተባለ ሁሉ፣ የኔ አይረን 883ም ያለበት የሃርሊ ዘር ነው፣ ይገጥማል ይላል። ቤት አምጥቼ ሴንሰሩን ፈትቼ ላስገባው ስል እምቢ። የኔ ሴንሰር ባለ 18 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቱቦው ላይ ያለው ቀዳዳ 12። እስከ 2013 የወጡት ስፖርትስተሮች 18፣ ከ2014 ወዲህ ያሉት 12 ናቸው። ተቃራኒው ቢሆን ማሳነሻ ቀለበት ይሸጣል፤ የኔን ግን ቆርጦ ከመበየድ ሌላ መላ የለውም። ሰውዬው ስልክ አያነሳም።

ሀቫና ጎዳና አካባቢ አንድ ጋሼ አሉ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ሃያ ምናምን ዓመት የሠሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ። ቱቦውን ተሸክሜ ሄድኩ። አገላብጠው አዩትና በአንድ ዓይናቸው ውስጡን አጮለቁ። ወዲያኛው ጫፍ ታያቸው።

«ይሄ ማርሚታ ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ጉልበት ይጨምራል ይላሉ።»

«ከላይ ሲሮጥ ምናልባት። ከታች ሲነሳ ይቀንሳል። አንተ ደግሞ መብራት ለመብራት ነው የምትሄደው።»

እውነታቸውን ነው። ባዶ ቱቦ በዝቅተኛ ዙር ላይ ጉልበት ያሳጣል፣ ክሩዘር፣ እንደኔው ያለው የመንሸራሸሪያ ሞተር፣ ደግሞ የሚወደደው እዚያው ዝቅተኛ ዙር ላይ ባለው ጉልበት ነው። እኔን ግን ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። ጋሼ ወደ ሞተሩ ዞረው የኋላ መቀመጫውን በሁለት እጃቸው ተጫኑት። ቂጭ አለና ቆመ።

«ይሄስ? ሾክ የለውም እንዴ?»

አለው፣ ለስሙ። በዚያ ዘመን የነበረው አይረን 883 ዝቅ ብሎ እንዲታይ ተብሎ የኋላው ሾክ የሚጫወተው 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ጉድጓድ ሁሉ ወገቤ ላይ ነው የሚያልፈው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወገቤን ሳሽ ኖሬ አንድም ቀን ገንዘብ ላወጣበት አስቤ አላውቅም፣ ሾክ አይጮህማ። ፊት ለፊቱም አንድ ዲስክ ብቻ ነው ያለው፣ የፍሬን ቱቦው ጎማ ነው፣ ሲጨብጡት እንደ ሊጥ ይለሰልሳል።

በዚያ ላይ ሕጉ አለ። ዴንቨር ከ2007 ጀምሮ፣ ከ1982 በኋላ የተሠራ ሞተር ማርሚታው ላይ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ማኅተም ከሌለ ይቀጣል። ፖሊሱ ድምፅ መለኪያ አያስፈልገውም፣ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። የኔ 120 ዶላር ቱቦ ማኅተም የሚባል አያውቅም። ኮምፒውተር ማስተካከያውም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም፤ ሃርሊ ዴቪድሰን ራሱ በ2016 ብክለት የሚጨምሩ ማስተካከያዎች ሸጧል ተብሎ 12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሊከፍል ተስማምቷል። አሁን ስትገዛ ሕጋዊ ፈቃድ ያለውን መርጠህ ነው።

ስለዚህ እቅዱ ተገለበጠ። መጀመሪያ ሾክ፣ 13 ኢንች፣ ለኔ ክብደት የሚሆን ስፕሪንግ ያለው፣ 400 አካባቢ። ኋላው ከፍ ስለሚል ኩርባ ላይ ስተኛም ብረቱ አስፋልት አይፍቅም፣ በጎን መቆሚያው ሲቆም ግን ትንሽ ያጋድላል፣ ይሁን። ቀጥሎ የብረት ሽቦ የለበሰ የፍሬን ቱቦና ሻል ያለ የፍሬን ሸራ፣ 120። ካንዴላና ዘይት በራሴ። ፊልትሮው እንዳለ ይቆይ፤ የዚህ ሞተር የውስጥ ትንፋሽ ዘይት ይዞ ወደ ፊልትሮው ስለሚመጣ አጽድቶ መመለሱ ብቻ ይበቃል። ማርሚታ ከተረፈው ብር ነው፣ ስሊፕ ኦን፣ ማኅተም ያለው፣ ድምፁ ወፈር የሚል እንጂ የማይጮህ፣ እንደ ሞንታርቦ ሰፈር የማይቀሰቅስ። ከሲንጀር ትንሽ ይሻል እንጂ ሌላ አልፈልግም። ስገጥመው ጓርኒሲዮኑን አዲስ አደርጋለሁ፤ አሮጌው ከላላ አየር ይስባል፣ ያ ፓ! ፓ! አንዳንዴ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሲሊንደሩን አስፍቶ 883 ሲሲውን 1200 ማድረግም ይቻላል፣ የፒስቶኑ ምት አንድ ዓይነት ነው፣ ስፋቱ ብቻ ነው የሚለየው። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም፣ እናንተም አትንገሩብኝ።

ሾኩ ሐሙስ ይደርሳል። ቅዳሜ ከጋሼ ጋር እንገጥመዋለን፣ ክፍያቸው ቡና ነው፣ ሦስቱም ተፈልቶ። ማርሚታው ሐምሌ ላይ ደመወዝ ሲገባ። እስከዚያ ድረስ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሩን ሳላስነሳ እየገፋሁ እስከ ግቢው በር እወስደዋለሁ፣ 250 ኪሎ ምናምን፣ ለስፖርት ጥሩ ነው።

ባዶዎቹ ቱቦዎች በረንዳ ላይ ናቸው፣ ባለቤቴ የበሶብላ ማሰሮዋን አስደግፋባቸዋለች። የ2014 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ፣ እንደኔው በአየር የሚቀዘቅዝ ስፖርትስተር ያለው ሰው 80 ዶላር ከሰጠኝ ይውሰዳቸው። ቀዳዳው 12 ሚሊ ነው፣ ማኅተም የላቸውም፣ ዴንቨር ከተማ ውስጥ አይነዳባቸውም፣ ስልክም አነሳለሁ።