«እነዚህ ሁሉ ውሾች ሥራቸው ምንድን ነው?»

እማዬ ሳንዲያጎ ከመጣች ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር። «እስቲ ባሕር አሳየኝ» አለችኝ። በዕድሜዋ ከቢሾፍቱና ከላንጋኖ ያለፈ ውኃ አይታ አታውቅም። ማክሰኞ ኦፍ ነኝ። ሽሮንም ይዤው ልሂድ አልኩ።

ሽሮ ውሻዬ ነው። ስሙን ያወጣሁለት ከመልኩ ነው። እማዬ ግን እስካሁን አልተዋጠላትም። «የእህል ስም ለውሻ?» ትላለች። እኔም ውሻ ላሳድግ ብዬ አልተነሳሁም። ደባሌ ሲያትል ሥራ ሊሞክር ሲሄድ «ሁለት ሳምንት ብቻ ያዝልኝ» አለኝ። ይኸው ሦስት ዓመት።

የሄድነው ኦሽን ቢች ሰፈር፣ ዶግ ቢች የሚባለው ጋ ነው። የሳንዲያጎ ወንዝ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ጋር የሚገናኝበት አሸዋ ላይ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1972 ጀምሮ ውሻ ያለ ማሰሪያ የሚለቀቅበት ቦታ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ። መግቢያ አይከፈልም፣ ሌሊትም አይዘጋም። ዝናብ በጣለ ማግስት ብቻ አትሂዱ። የከተማው እጣቢ ሁሉ ወደ ባሕር ስለሚወርድ 72 ሰዓት ውኃው ውስጥ አትግቡ ይባላል።

ማሰሪያውን ስፈታለት ሽሮ ወደ ውኃው ተፈተለከ። ማዕበሉ ሲመጣበት ደግሞ ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ወሽቆ ወደ እኛ ተመለሰ። እንደገና ሄደ። እንደገና ሸሸ።

እማዬ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ነጠላዋን ሰብስባ ተቀምጣለች። የሚገርመው፣ ባሕሩን አላየችውም። የምታየው ውሾቹን ነው። በግ የሚያህል አለ፣ ድመት የሚያህል አለ፣ ሹራብ የለበሰም አለ።

«እነዚህ ሁሉ ውሾች ሥራቸው ምንድን ነው?»

«ሥራ የላቸውም እማዬ።»

«ሌባ አይጠብቁም?»

«አይጠብቁም።»

«ታዲያ ማን ያበላቸዋል?»

«ባለቤቶቻቸው ናቸዋ።»

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ሁለት ሥራ ነው የምሠራው።

ኮተቤ ቤታችን በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ተለጥፏል። ቦቢ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። የተረፈውን እንጀራ ይበላል። ከቤተሰቡ ራሱን ደባብሶት የሚያውቅ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። እንደሚመስለኝ እሱም አይፈቅድም።

ይህን እያሰብኩ ሽሮ ተቀመጠ። ማለቴ፣ ለዚያኛው ጉዳይ ተቀመጠ። ፌስታሌን አውጥቼ፣ እጄ ላይ አጥልቄ፣ ጎንበስ ብዬ አነሳሁ። ሙቀቱ በፌስታሉ በኩል ይሰማል። ቀና ስል እማዬ አፍጥጣ ታየኛለች።

«ለዚህ ነው አሜሪካ የላክሁህ?»

አጠገባችን የነበሩት ፈረንጅ ሴትዮ ምን እንደተባልኩ ባይገባቸውም ሳቁብኝ።

ፌስታሉን ጥዬ ስመለስ እማዬ ቆማ ትጮኻለች። «ኧረ ይሄ ውሻ ጨው ውኃ እየጠጣ ነው!» እውነቷን ነው። የባሕር ውኃ ውሻን ያስታውካል፣ ያስቀምጠዋልም። ስለዚህ ሁለት ሊትር ውኃ ይዤለት ነበር። ጎድጓዳ ሳህኑን ግን መኪና ውስጥ ረስቼዋለሁ።

እማዬ ቦርሳዋን ከፈተች። የቆሎዋን ዕቃ አወጣች። ቆሎውን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ገልብጣ ቋጠረችው። ከዚያ ዕቃው ውስጥ ውኃ ቀዳችና አሸዋው ላይ አስቀመጠችለት፣ ራቅ አድርጋ፣ በእግሯ ጫፍ እየገፋች። ሽሮ እስኪበቃው ጠጣ። ሲጨርስ ጠጋ አላትና ከራሱ እስከ ጅራቱ ተራገፈ።

«ወጊድ! ወጊድ አንተ ሽሮ!»

በስሙ ስትጠራው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ነጠላው አሸዋ በአሸዋ ሆነ። ቆሎው ግን ተረፈ።

ቤት ገብተን ሽሮን በንጹሕ ውኃ አለቀለቅሁት፤ ጨው ቆዳውን ያሳክከዋል። እማዬ ሳሎን ሆና ለእህቴ ደውላለች። ስለ ባሕሩ ስትነግራት ልሰማ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ቦቢ በላ?» አለች። «እስቲ ቀንም ትንሽ ፍቱት።»

እህቴ የሆነ ነገር አለቻት።

«እሱስ ልክ ነሽ፣ ይነክሳል» አለችና ስለ ዕድር መዋጮ ማውራት ጀመሩ።