የመስቀል ወፍ በጥር

ዛሬ ምክንያቱን ሳላውቀው ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ትንሿ ልጄ ወደ አዲስ አበባ ከሄደች ወዲህ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ይከብደኛል፤ አቦሉን ቀድቼ እጠጣለሁ፣ ቶናው ግን የሚጠጣው አጥቶ ጀበናው ውስጥ ይቀዘቅዛል። ጎረቤቶቼን ብጠራ ደስ ብሏቸው ይመጡ ነበር፤ ነገር ግን የከፋኝ በሰው እጦት ብቻ እንዳልሆነ ስለተሰማኝ ነጠላዬን ደርቤ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ወጣሁ።

ሃምሳ ዓመት የተጠጋና ብቻውን የሚኖር ሰው በደሴ ከተማ ገንዘብ ሳያወጣ ከቤቱ ውጭ በምን ራሱን ሊያስደስት ይችላል? ወንዶቹ ካፌ በር ላይ ተቀምጠው ማኪያቶ ይጠጣሉ፤ ሴቶቹ ሰኞ ገበያ፣ እድር፣ ለቅሶና ክርስትና አለን። እነዚህን አላቃልልም፤ በከፋኝ ጊዜ ያቆሙኝ እነርሱ ናቸው። ሆኖም ሁሉም ወይ ወጪ ወይ ግዴታ አለባቸው፣ ለዓይንና ለእግር ብቻ ተብሎ የሚወጣበት ነገር ግን በእኛ ዕድሜ እንደ ነውር ይቆጠራል። ዳገቱ ላይ ቆሜ ቁጥቋጦውን ስመለከት ያገኘኝ እረኛ ልጅ እንኳ፣ «እትዬ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አለኝ። ወፍ እያየሁ መሆኑን ስነግረው፣ «ሊይዟት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ለማየት ብቻ ነው ስለው ጥቂት አሰበና በበትሩ ራቅ ያለ ቁጥቋጦ አመልክቶ፣ «እንግዲያውስ እዚያ ይበዛሉ» አለኝ።

እውነቱን ነበር፣ ይበዙ ነበር። ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም ቡናማና ዥንጉርጉር፣ ከተራ ድንቢጥ የማይለዩ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ተነሥቶ ሲበር ግን ወገቡ ላይ፣ ክንፎቹ በሚለያዩበት ስፍራ፣ ደማቅ ቢጫ ብልጭ አለ፤ ሲያርፍ ክንፉን ከደነበትና እንደገና ቡናማ ሆነ። ይህ ወፍ በመስከረም ጥቁርና ቢጫ ለብሶ፣ ላባውን ነፍቶ፣ ከአደይ አበባው በላይ ሲንሳፈፍ የምናውቀው የመስቀል ወፍ ነው። ወንዱ የመራቢያ ወራቱ ሲያልፍ ጥቁሩን ላባ ጥሎ እንደ ሴቷ ቡናማውን ይለብሳል፣ የወገቡን ቢጫ ግን አይጥለውም። ዘመዶቼ ስጠፋባቸው «የመስቀል ወፍ ሆንሽ» ይሉኛል፤ ወፉ ግን ከበዓሉ በኋላም ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ፍሬ እየለቀመ ይኖራል፣ ሰው ግን በቡናማ ልብሱ አያውቀውም። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በጥር ወር ወደ ዳገቱ መውጣት በመስከረም ከመውጣት ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ የአንድ ደብተርና የአንድ እስክሪብቶ ዋጋ ነው። የሩቅ ማያ መነጽር ቢኖር መልካም ነበር፣ እኔ ግን የለኝም፤ ስለሌለኝም ቁጭ ብሎ መጠበቅን ተምሬአለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ወፎቹ ራሳቸው ይቀርባሉ። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ መውጣት ይሻላል፤ በቀትር ፀሐይ አብዛኞቹ ጥላ ፈልገው ዝም ይላሉ። በዚህ ዘመን ብቻዋን ለምትወጣ ሴት ደግሞ ከመንደሩ ዓይን አለመራቅ ያስፈልጋል፤ እኔም አጥር ከሚታይበት አላልፍም። ዳገት ለሚከብደው ሰው ቁራውን ማየት ይበቃዋል። የእኛ አገር ደጋ ቁራ ምንቃሩ እጅግ ወፍራም ነው፣ ማጅራቱ ላይም ነጭ ምልክት አለው፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም፤ እኛ ግን ከሥጋ ቤት ደጃፍ እንደ ተራ ነገር እናባርረዋለን።

ሚኒባስ ተሳፍሮ የሐረጎን ቁልቁለት ይዞ ወደ ኮምቦልቻ መውረድም ትልቅ ለውጥ አለው። ከ25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚባል አየሩም ወፉም ይለወጣል። በበጋ ወራት በቦርከና ወንዝ ዳር ከብቶች በሚግጡበት መስክ፣ ጭራዋን እያወዛወዘች ከከብቶቹ እግር ሥር ትንኝ የምትለቅም ደረተ ቢጫ ወፍ ትታያለች፤ ክረምታቸውን ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ ከሚመጡት አንዷ ናት። ያችን የምታህል ፍጡር በረሃና ባሕር አቋርጣ እዚህ መድረሷን ሳስብ ብቻዬን መሆኔ ከሐሳቤ ይወጣል። ብቻውን የሚኖር ሰው ቀኑ የእርሱ ብቻ ነው፣ የሚጠብቀውም የሚያስቸኩለውም የለም፤ ወፎቹ ግን የራሳቸው ሰዓትና የራሳቸው ወራት ስላላቸው፣ እነርሱን የሚከተል ሰው ለእሑድ ቀጠሮ ያገኛል።

አሁን የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ነው። መሥሪያ ቤት አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት፣ ባሏ ካረፈ ወዲህ እሑድን በሙሉ ተኝታ እንደምታሳልፈው ነግራኛለች። ልጥራት አስባለሁ። ነገር ግን ሁለት ሴቶች ከተገናኘን ጨዋታው ይደራል፣ ጨዋታው ሲደራም ወፉ ይበራል፤ ዝምታውን ብለምናት ደግሞ ከዚያ አልጋ ወደ ሌላ ብቸኝነት ያመጣኋት መስሎ ይሰማት ይሆናል። ወፎቹን ቀስ በቀስ ትወዳቸዋለች፣ ወይስ እኔ እነርሱን ትቼ ከእርሷ ጋር መጫወት ይሻለኛል?